የልደቱ ዳስ

ዘረሰናይ በረሃ ላይ ዳስ ጥሎ የሁለት ሰው ነፍስ አትርፏል። ይህን የማያውቅ ሰው ከመሪ ሰፈር እስከ የካ ሚካኤል የለም። የሚኖርበት ኮንዶሚኒየም ሄዳችሁ በሩ ላይ ያለውን ዘበኛ ብትጠይቁት ከነሙቀቱ ዲግሪ ይተርክላችኋል። በሠርግ ተነግሯል፣ በክርስትና ተነግሯል፣ የነዋሪዎቹ ማኅበር ስለ ውሃ ታንከር ሊወያይ በተሰበሰበበት ቀን እንኳ፣ ምን አገናኘው ሳይባል ተነግሯል። አንዴማ ጥርሱን ሊነቀል ወንበር ላይ ተጋድሞ ሊጀምረው ሲል ሐኪሟ ናት "አባት፣ አፍዎን አያንቀሳቅሱ" ብላ ያስቆመችው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ወሬ! ጉዱ ምኑ ላይ ነው ብትሉ፣ ዳሱን የጣለው ዘረሰናይ አይደለም።

ወሬው እንዲህ ነው። ዘረሰናይ የከርሰ ምድር ውሃ ሊያጠና ከሾፌሩ ከልደቱ ጋር አፋር በረሃ ይወርዳል። መንገድ የሚባል ነገር በሌለበት ሜዳ የመኪናው አክሰል ይሰበራል። ሰው የለም፣ ዛፍ የለም፣ ሬዲዮኑ ድዳ ሆኗል። መኪናው ውስጥ እንዳይቀመጡ ብረቱ ያቃጥላል። እዚህ ሲደርስ ዘረሰናይ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። "ልደቱ፣ ምስኪን፣ እንደ ሕፃን ያለቅስ ጀመር። እናቱን ይጠራል። በእግሬ ካልሄድኩ ብሎ ተነሣ። በቀበቶው ይዤ አስቀመጥኩትና ሸራ ወጥሬ ዳስ ጣልኩ። ሁለት ቀን ከሥሩ ተኛን። በሦስተኛው ቀን ባለግመሎች አገኙን።" ሰው ሁሉ ይስቃል። "እናቱን ይጠራል" የምትለዋ ላይ ነው ሳቁ የሚበረታው። ልደቱ እዚያው ቁጭ ብሎ ከሆነ ደግሞ ዞር ብለው እያዩት ይስቃሉ፤ እሱም አብሮ ፈገግ ይላል።

እውነቱን ለማግኘት ስሞቹን መለዋወጥ ይበቃል። ያለቀሰው ዘረሰናይ ነው። እናቱን የጠራው ዘረሰናይ ነው። በእግሬ ካልሄድኩ ብሎ ሲነሣ በቀበቶው ይዞ ያስቀመጠው ልደቱ ነው። ሸራዎቹን ከዕቃው ላይ ያወረደው፣ የቅየሳ ዘንጎቹን የተከለው፣ ገመዱን የወጠረው ልደቱ ነው። ዘረሰናይ ያን ጊዜም፣ ከሥሩ በተኙባቸው ሁለት ቀናትም አሸዋው ላይ በፊቱ ተደፍቶ ስለነበር ዳሱ እንዴት እንደተጣለ አላየም። ልብ በሉ፤ አላየም።

ታዲያ እንዴት ተገለበጠ? በአንዲት ቃል። ከዳኑ በኋላ ሎጊያ ከተማ አንድ ሆቴል በረንዳ ላይ የመምሪያው ኃላፊ ከአዲስ አበባ መጥቶ አገኛቸው። "ባለግመሎቹ ነገሩኝ፤ ያ ዳስ ባይኖር አልቃችሁ ነበር አሉኝ። ማነው የጣለው?" አለ። ዘረሰናይ "እሱ ነው" ሊል አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን "እኔ" ነው። ኃላፊው ትከሻውን መታ መታ አደረገውና፣ "አንዳችሁ ሲያለቅስ ነበር አሉ፤ ታዲያ ልደቱ ነዋ!" ብሎ ሳቀ። ልደቱ ቀና ብሎ ዘረሰናይን አየው። በቁጣ ቢሆን ኖሮ ዘረሰናይ እዚያው እውነቱን ያፈርጠው ነበር። ቁጣ አልነበረም፤ እንዳዘነለት ነበር ያየው። ከዚያም "አዎ ጌታዬ፣ ኢንጂነር ባይኖር ኖሮ…" ብሎ ነገሩን ዘጋው። ኢንጂነር ሲለው ነው የኖረው፤ ዘረሰናይ ግን ኢንጂነር ሳይሆን ቴክኒሻን ነበር።

ካፈርኩ አይመልሰኝ ይባላል አይደል? ይኸው ነው። መጀመሪያ ለኃላፊው፣ ቀጥሎ ለመሥሪያ ቤቱ፣ ቀጥሎ ለሚስቱ። መሥሪያ ቤቱ የምስጋና ወረቀት ሰጠው፤ በመስታወት ተሠርቶ ሳሎን ተሰቀለ። ከጊዜ በኋላ ሲያወራው እጆቹ ሸራ የወጠሩ እየመሰለው መጣ። ሌሊት ሲነቃ ብቻ ነበር አሸዋው አፉ ውስጥ የሚመጣበት። ልደቱ ደግሞ አንድም ቀን አልተነፈሰም። ዝም አይነቅዝም ብሎ ኖረ፤ በመጋቢት ወር አንድ ሰኞ ሌሊት ስኳሩ ተነሥቶበት እንደዚያው ዝም እንዳለ ሞተ።

ማክሰኞ የካ ሚካኤል ተቀበረ። ዘረሰናይ ከቀብሩ ኋላ ኋላ ሲሄድ፣ ልቡ ውስጥ ምን እንደነበረ ልንገራችሁ? ሐዘን ነበረ፤ አልዋሽባችሁም። ከሐዘኑ ሥር ግን አንዲት ትንሽ እፎይታ ነበረች። እውነቱን የሚያውቀው ሰው ተቀበረ። ይህን ማሰቡን ባወቀ ጊዜ አፈር የሚያለብሱትን ሰዎች ቀና ብሎ ማየት አቃተው።

የልደቱ ቤት ከቤተ ክርስቲያኑ ሽቅብ፣ አስፋልቱ አልቆ ወደ እንጦጦ የሚወጣው የእግር መንገድ በሚጀምርበት፣ ባሕር ዛፉ ጥግ ነው። ያን ቀን ከቀብር ሲመለሱ ከእንጦጦ የወረደ ነፋስ የእድሩን ድንኳን ከስፌቱ ጀምሮ ሁለት ቦታ ቀደደው። እድሩ ሌላ ድንኳን ነበረው፤ እሱ ደግሞ መሪ ሌላ ለቅሶ ቤት ላይ ተተክሏል። ረቡዕ ጠዋት ዘረሰናይ ሊያጽናና ሲመጣ፣ አግዳሚዎቹ ሜዳ ላይ ተደርድረዋል፤ ለቀስተኛው ፀሐይ ላይ ነው። ሴቶቹ ነጠላቸውን ግንባራቸው ላይ አውርደዋል። የመጋቢት ፀሐይ ናት፤ እንጦጦ ሥር ብርድ ነው ብላችሁ እንዳትታለሉ፤ ከረፋድ በኋላ አናት ትበሳለች።

የእድሩ ዳኛ ፍሥሐ የተቀደደውን ድንኳን እያገላበጠ ሲብሰለሰል ዘረሰናይን አየውና ፊቱ በራ።

"ኧረ ምን ያስጨንቀናል! የበረሃው ሰው መጣ አይደል እንዴ!" አለ። "ዘሬ፣ ና እስቲ። ለልደቱ አንዴ ጥለህለት የለ? ዛሬም ጣልለት።"

ለቀስተኛው ሁሉ ዞረ። "እውነትም!" "እግዜር ነው ያመጣው!" አሉ። ወገቤን ያመኛል ማለት ይችል ነበር። ዕድሜዬ ስልሳ አንድ ነው፣ እናንተ ጣሉት ማለት ይችል ነበር። ግን የልደቱ ልጅ ማዕዶት በር ላይ ቆማ እያየችው ነበር። ማዕዶት ሲኤምሲ አጠገብ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። በበረሃው ጊዜ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ አባቷን ከሞት ያተረፈላት ሰው ይህ ነው ብለው ነው ያሳደጓት። በየዓመት በዓሉ እየመጣች ጉልበቱን ስማ ትሄዳለች። ዘረሰናይ ዓይኖቿን አየና "እሺ" አለ።

ከእንጨቱ ችግር የለም፤ ልደቱ ለአጥር ያስቆረጠው የባሕር ዛፍ ቋሚ ከጓሮ ተከምሯል። ባለሱቋ ሐቢባ አንድ ጥቁር ትልቅ ሸራና አንድ ጥቅል ሲባጎ ከሱቋ አመጣች፤ "ሒሳብ የሚባል ነገር እንዳታነሡብኝ" ብላ ጥላ ወደ ሴቶቹ ሄደች። ወንዶቹ ካፖርታቸውን አውልቀው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ዘረሰናይን ከበው ቆሙ። ትእዛዝ ይጠብቃሉ።

ወይ ጭንቅ! ሰውየው ስንት ጊዜ ያወራው ዳስ፣ ከየት እንደሚጀመር አያውቅም። "ሸራ ወጥሬ" ነው የሚለው ሁልጊዜ፤ እንዴት ወጥረህ ብሎ የጠየቀው ሰው ግን ኖሮ አያውቅም። አሁን "ጋሼ፣ ቋሚው ስንት ክንድ ይሁን?" ሲሉት ላብ አጠመቀው። "ዝቅ ይበል" አለ፤ ለምን እንዳለ አያውቅም። "ሸራው ይወጠር፤ ነፋስ እንዳያነሣው ጥብቅ ይበል። ጎንና ጎኑንም ዝጉት።" ዘጉት። በአንድ ሰዓት ውስጥ አለቀ። ላይ ላዩን ሲያዩት የሚያምር ነገር ነበር፤ አራት ማዕዘኑ ቀጥ ያለ፣ ሸራው እንደ ከበሮ የተወጠረ። ፍሥሐ "ይኸው! ዕውቀት አይሸጥ አይለወጥ!" አለና ለቀስተኛውን አስገባ። መበለቲቱ ቀጸላ ከመሃል፣ አሮጊቶቹ ከጎኗ ተቀመጡ።

ጥቁር ሸራ ዝቅ ብሎ፣ ተወጥሮ፣ ጎኑ ተዘግቶ የቀትር ፀሐይ ሲያርፍበት ምን እንደሚሆን እናንተም ታውቃላችሁ። ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀም። የሸራው ሽታ ጉሮሮ ይይዝ ጀመር። ሴቶቹ በነጠላቸው ጫፍ ይራገቡ ጀመር። አንዱ ሽማግሌ ኮፍያውን አወለቀ፤ ሌላው "እኔስ ደጅ ይሻለኛል" ብሎ ሹልክ አለ።

በሰፈሩ በምላሳቸው የታወቁት እማማ ብርቄ ግን ዝም የሚሉ ሰው አይደሉም። "አንተ ዘረሰናይ!" አሉ እያለከለኩ፤ "ከበረሃው ነው ያዳንከው ወይስ በረሃውን ይዘኸው መጣህ?"

ለቅሶ ቤት ነውና ሰው ሳቁን በነጠላውና በእጁ መዳፍ ሸፈነ። ዘረሰናይም የሳቀ መሰለ። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ይህን ጊዜ ነው ቀጸላ፣ ከሰኞ ጀምሮ እህል ያልቀመሰችው፣ ዓይኗ ተገለበጠና ወደ ጎኗ ዘንበል ያለችው። "ኧረ ውሃ! አየር ስጧት! ክፈቱ!" ተባለ። ተሸክመው ወደ ቤት አስገቧት። ዘረሰናይ የልደቱን ሚስት በልደቱ ለቅሶ ላይ፣ በልደቱ ዳስ ስም ሊገድላት ነበር።

ቀጸላ ውሃ ተረጭታ፣ ነፍስ ዘርታ፣ ደህና ነኝ ስትል፣ ማዕዶት ወደ ደጅ ወጣች። በእጇ አንድ የቆየ የዕቃ መሸፈኛ ሸራ አንጠልጥላለች። ዳሱን ዞር ዞር ብላ አየችውና፣ ለማንም ሳትናገር የጎኑን መጋረጃ ትፈታ ጀመር።

"ቋሚዎቹን አንድ ክንድ ያህል ከፍ አድርጉልኝ" አለች ወንዶቹን። ከፍ አደረጉ። ከዚያ የቆየውን ሸራ ከጥቁሩ ሸራ ሥር አስወጠረች፤ በሁለቱ መሃል አንድ ስንዝር ተኩል ያህል ባዶ እንዲሆን፣ ቁርጥራጭ እንጨት በየማዕዘኑ እያስገባች በሲባጎ አሰረች። አሠራሯ የሠለጠነ ነበር። ስትጨርስ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ለሰዎቹ አስረዳች። "ላይኛው ይቃጠል፤ የሱ ሥራ መቃጠል ነው። ነፋስ በመሃል ያልፋል። ታችኛው አይግልም።"

ገብተው ተቀመጡ። እውነትም ከእንጦጦ የሚወርደው ነፋስ በሁለቱ ሸራዎች መሃል ሽው እያለ ያልፍ ጀመር፤ ከሥሩ የሚቀመጠው ሰው አናቱ ቀለለው። እማማ ብርቄ "እሰይ የኔ ልጅ! እሰይ!" አሉ። "ይህን ማን አስተማረሽ?"

"አባዬ ነዋ። እንጨት ተሸካሚዎቹ ሴቶች ከእንጦጦ ሲወርዱ የሚያርፉበትን፣ በራችን ላይ እንደዚህ ነበር የሚሠራላቸው። በየበጋው አብሬው ነው የምሠራው።" ወደ ዘረሰናይ ዞረች። ድምጿ ለስለስ አለ፣ እንዳይከፋው። "አባዬ የተማረው ደግሞ ከጋሼ ነው። 'ኢንጂነር በረሃ ላይ ያሳየኝ ዘዴ ነው' ይለኝ ነበር። ዛሬ ሐዘኑ አስረስቶዎት ነው እንጂ ጋሼ፣ የእርስዎ ሥራ ነው።"

"አየህ!" አለ ፍሥሐ፤ "ተማሪው አልፎ፣ አስተማሪው በሐዘን ዘነጋ። ሰው ወዳጁ ሲሞትበት እንዲህ ነው።" ሰዎቹ በሐዘኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዱ ተነሥቶ ለዘረሰናይ የተሻለ ቦታ ለቀቀለት።

ዘረሰናይ ቀዝቃዛው ጥላ ሥር ተቀመጠ። ቀና ብሎ ሁለቱን ሸራዎች፣ በመሃላቸው የገባውን ብርሃን አየ። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የሚያየው። ለካስ እንዲህ ነበር! እሱ በፊቱ ተደፍቶ ሲያለቅስ ልደቱ ከላዩ ላይ ይህን ነበር የሚሠራው። ልደቱ እሱን ሊያጋልጠው ይቅርና ለገዛ ልጁ እንኳ፣ በገዛ በሩ ላይ፣ የገዛ እጁን ሥራ የዘረሰናይ ነው ሲል ኖሯል። ውርደት ሰውነቱን ከእግሩ ጀምሮ ይወጣበት ገባ። እንዲህ አፍሮ አያውቅም፤ ያኔ አሸዋው ላይ እንኳ እንዲህ አላፈረም።

እንግዲህ የለቅሶ ቤት ወግ ነው፤ ስለ ሟች ይወራል። በሙት ላይ ክፉ አይወራም። በድንበር ምክንያት ከልደቱ ጋር ሦስት ዓመት ቀበሌ ለቀበሌ የተካሰሰው ጎረቤት "በመሃላችን ክፉ ቃል ወጥቶ አያውቅም" አለ፤ ማንም አልሳቀበትም። ፍሥሐ ደግሞ፣ ልደቱ የእድር መዋጮ አንድም ወር ዘግይቶ አያውቅም አለ፤ ይህንንም ሁሉም እያወቁ አለፉት። ሰው ሲሞት መልአክ ነው፤ አገሩ እንዲህ ነው። ቀጸላ ትንሽ ጠንክራ ወጥታ በልጇ ትከሻ ተደግፋ ተቀምጣለች፤ ትክዝ ብላለች።

ፍሥሐ አያትና "ዘሬ" አለ፤ "እስቲ የበረሃዋን አውራን። ቀጸላም ቀለል ይበላት። እሱም እኮ ሲሰማት ይስቅ ነበር።"

"አዎ፣ እናቱን የጠራባትን!" አሉ እማማ ብርቄ፣ እንባቸውን እየጠረጉ።

ማዕዶት ከወዲሁ ፈገግ አለች። አፏ ፈገግ ሲል አንገቷ ግን በትንሹ ወደ ታች ሰበር አለ። ዘረሰናይ ይህን የአንገቷን ስብራት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሳያየው አልቀረም፤ ዛሬ ግን ተመለከተው። ሰው በአባቱ ሲሳቅበት እንዲህ ነው የሚሆነው።

ተነሥቶ ቆመ። "ዳሱን የጣለው ልደቱ ነው" አለ። "እኔ አይደለሁም። እሱ ነው ያተረፈኝ።"

ከዚያ ከዳር እስከ ዳር "አይ ሰው! አይ ወዳጅ!" የሚል ማጉረምረም ተነሣ። ፍሥሐ ዓይኑ እንባ ሞላ። "ሰማችሁ?" አለ፤ "የገዛ ሥራውን ለሙት ወዳጁ ሰጠው! ትሕትና ማለት ይህ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ዛሬ የት ይገኛል?" እማማ ብርቄ "ይባርክህ፣ ዕድሜ ይስጥህ" አሉ። ያ በድንበር የተካሰሰው ጎረቤት ሳይቀር ተነሥቶ እጁን ጨበጠው።

ይታያችሁ እንግዲህ! ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ ሲዋሽ አመኑት፤ አንዴ እውነት ቢናገር የለቅሶ ወግ አደረጉበት። ደግሞስ ፈተናውን እዩት። እዚያ ላይ ቁጭ ቢል ማን ምን ይለዋል? እውነቱን ተናግሯል፤ ያላመኑት እነሱ ናቸው። ኅሊናውም ቀለል ይለዋል፤ ክብሩም ይጨምራል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ወገቡን አጥፎ ሊቀመጥ ጀምሮ ነበር።

ማዕዶት ናት ያስቆመችው። "ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ" አለች፤ እንባዋ ይወርዳል። "አባቴን በሰው ፊት ከፍ ሊያደርጉልኝ ብለው ነው። ገብቶኛል። ውለታዎን አልረሳውም።"

ኧረ ይህንስ አልቻለውም። ቀና አለ።

"ለማክበር አይደለም" አለ። "ስሙኝ። ያለቀስኩት እኔ ነኝ። እናቱን የጠራው ልደቱ አይደለም፣ እኔ ነኝ የእናቴን ስም የጠራሁት። በእግሬ ካልሄድኩ ብዬ ስነሣ በቀበቶዬ ይዞ አስቀመጠኝ።"

"እሺ፣ ገባን ወንድሜ፣ አሁን ተቀመጥ፣ ደክሞሃል…" ፍሥሐ ክንዱን ሊይዘው ተነሣ።

"አልገባህም! ተወኝ!" አለ ዘረሰናይ። "ሱሪዬ ላይ ሸናሁ! የአርባ ሁለት ዓመት ሰው፣ ፈርቼ ሱሪዬ ላይ ሸናሁ። ልደቱ የራሱን ሱሪ አውልቆ አለበሰኝ። የእኔን አሸዋ ውስጥ ቀበረው፣ ማንም እንዳያይብኝ። እሱ ሽርጥ አገልድሞ ዋለ። ባለግመሎቹ ሲመጡ 'ሽርጡ ለሙቀት ነው' አላቸው። ያንኑ ሱሪውን ለብሼ ሎጊያ ደርሰን ማነው ዳሱን የጣለው ሲባል እኔ አልኩ። ማነው ያለቀሰው ሲባል ዝም አልኩ። ከዚያ በየሠርጉ አሳቅኩበት።"

አሁን ማንም "አይ ትሕትና" አላለም። ሰው ለሙት ብሎ የገዛ ጀግንነቱን ይሰጣል፤ ሱሪ ላይ መሽናትን ግን ለሐዘን ጨዋታ ብሎ የሚፈጥር የለም። ለቀስተኛው ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። ፍሥሐ የዘረሰናይን ክንድ ሊይዝ የዘረጋውን እጁን ቀስ ብሎ መለሰው። እማማ ብርቄ፣ ያ ሁሉ ምላሳቸው፣ "በስመ ሥላሴ" ብቻ ብለው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ቀጸላ ዘረሰናይን አፍጥጣ ታየዋለች። ከሰኞ ጀምሮ ያላቆመው እንባዋ ቆሟል።

"ቤቴ እየመጣህ ስትበላ…" ብላ ጀመረችና ተወችው። አንተ ስትለው የመጀመሪያዋ ነው። ዘረሰናይ በዚህ ቤት እርስዎ ሲባል የኖረበትን ያን ሁሉ ዓመት አሰበ፤ አንተ መባሉ የሚገባው እንደሆነም አወቀ።

ማዕዶት ተነሥታ ወደሱ መጣች። ሰዎቹ ትመታዋለች ብለው ፈሩ መሰለኝ፣ አንድ ሁለቱ ብድግ አሉ። አልመታችውም። ፊት ለፊቱ ቆመች።

"አንድ ጊዜ ጠይቄው ነበር" አለች። "አሥራ አራት ዓመቴ ነበር፤ ከአንድ ሠርግ እየተመለስን። ሰው ሁሉ ስቆበት። 'አባዬ፣ እውነት እንደ ሕፃን አልቅሰህ ነበር?' አልኩት። ምን እንዳለኝ ያውቃሉ? 'ኢንጂነር ካለ እንግዲህ አልቅሼ ይሆናል' አለኝ።"

"ማዕዶት፣ ልጄ…"

"ያስጨርሱኝ። አፍሬበት ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ትምህርት ቤት እንዲመጣ አልፈልግም ነበር። የምረቃዬ ቀን ፎቶ ስንነሣ እርስዎን ነው ከጎኔ ያቆምኩት፤ እሱን ከዳር። አባቴ ሲያለቅስ አንድም ቀን አይቼው አላውቅም፤ ይህን ሁሉ ዘመን አብሬው ኖሬ፣ ዓይኔ ያየውን ትቼ እርስዎን አመንኩ። ሰኞ ሌሊት እጄን ይዞ ሲሞትም አፍሬበት ነበር። ይኼን አሁን ማን ይመልስልኛል?"

ዘረሰናይ እግሯ ላይ ሊወድቅ ጎንበስ አለ፤ ይቅርታ ሊጠይቅ። ማዕዶት በክንዱ ይዛ ቀና አደረገችው። ይቅር ብላው እንዳይመስላችሁ። እግሯ ላይ ወድቆ እንዲገላገል አልፈለገችም።

"ዛሬ እዚህ ያለው ሃምሳ ሰው አይሞላም" አለች፤ ድምጿ አሁን ደርቋል። "ነገ ሠልስት ነው። ከመሪም፣ ከመሥሪያ ቤቱም፣ ያን ጊዜ በየሠርጉ የሳቁትም ሁሉ ይመጣሉ። በጠዋት ይምጡ።"

"እሺ" አለ ዘረሰናይ።

"ዳሱን ብቻ ከነገሯቸው እንደ ዛሬው ነው የሚሆነው። አያምኑዎትም።"

"አውቃለሁ።"

"እንግዲያው ሱሪውንም ይንገሯቸው።"

ዘረሰናይ ለቀስተኛውን አንድ በአንድ አየ፤ ማንም ዓይኑን አላነሣለትም። "እሺ ልጄ" አለ፤ "ሱሪውንም እነግራቸዋለሁ።"